መብራት ሲሄድ የምትደነግጥ ላፕቶፕ

የጋሽ ልየውን ማረፍ የሰማሁት ስብሰባ ላይ እያለሁ ነው። የደወለችልኝ አስናቁ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ተቋም አብረን ስንሠራ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የነበረች። ኮሪደር ላይ ወጥቼ አነሣሁት። «ጋሽ ልየው አረፉ እኮ። ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኋት። ምን አግኝቷቸው እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ልብ ነው አለች። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ፤ ደኅና ናቸው አለች። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና የጀመርሁትን ገለጻ ጨረስሁ። ጥሩ ገለጻ ነበር፤ ሁለት ሰዎች መጥተው ጨብጠውኛል። እዚያ ሰው ፊት ለመቆም ያበቃኝ ሥራ የማን እንደነበረ ያሰብሁት ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ፍኖተ ሰላም የሄድሁት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ባጃጅ ከፈረስ ጋሪ ጋር አስፋልቱን መሻማት የጀመረበት ሰሞን ነው። ጋሽ ልየው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ማለት ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው እንጂ ዲግሪም ዲፕሎማም አልነበራቸውም። በልጅነታቸው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ኋላ ቡሬ ወርደው ሃያ ዓመት ያህል ሬዲዮ ጠገኑ። ኮምፒውተርን የተማሩት ሬዲዮን በተማሩበት መንገድ ነው፤ ፈትተው፣ አይተው፣ መልሰው በመግጠም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ኮቱ ሁልጊዜ የሚሰፋቸው ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው ካቻቪቴ ይሰካሉ። አስተማሪውንም ተማሪውንም አንቱ ይላሉ። አንቺ የሚሏት አንዲት ፍጡር ላፕቶፓቸው ነበረች።

ክፉ ነገር ከአፋቸው በቀጥታ አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ከቡሬ ገጠር አንድ ገበሬ፣ ዝናብ የገባት ሬዲዮ ታቅፎ እስከ ተቋማችን በር ድረስ ፈልጓቸው መጣ። ጋሽ ልየው ከፈቱ፣ አዩ፣ አሸተቱ፣ ዘጉ። «ብዙ አገልግላለች። እንግዲህ ትረፍ ብንላት ምን ይመስልዎታል?» አሉት። ገበሬው ወዲያው ገባው። «ሞታለች በሉኛ!» አለ። «ኧረ እኔስ አልወጣኝም» አሉ ጋሽ ልየው፣ ሬዲዮዋን በሁለት እጃቸው እየመለሱለት።

ጥፋትን ደግሞ ወደ ራሳቸው መሳብ ይወዳሉ። ይህን ስል እንደ ልዩ ጠባይ እንዳይቆጠርብኝ፤ ደምበጫ ተወልጄ ስላደግሁ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። እንግዳ በወንበር ሲደናቀፍ ባለቤቱ «ያለቦታው ያኖርሁት እኔ ነኝ» ይላል። እንግዳው «ኧረ የለም፣ እኔ ሳላይ ነው» ብሎ ወደ ራሱ ይስበዋል። ባለቤቱ እንደገና ይስበዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጓተቱ በኋላ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ጋሽ ልየው ግን ይህንን ይዘው ግምገማ ውስጥ ይገቡ ነበር። ያን ጊዜ ግምገማ የማይደረግበት ወር አልነበረም። ግለ ሂስ ሲባል ተነሥተው፣ ጄኔሬተሩ የተበላሸው በእሳቸው ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ የሚያፈስሰው እሳቸው ቀድመው ባለመናገራቸው ነው ይላሉ። ከዚያ ቆመው ይጠብቃሉ። ኧረ የለም የሚል ሰው ይጠብቃሉ። ቃለ ጉባኤ ያዡ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍባቸዋል።

የኮምፒውተር ክፍላችንን ቫይረስ ፈጅቶት ነበር። ተማሪ በፍላሽ ያመጣዋል፣ ያዛምተዋል፤ ጋሽ ልየው ያጸዳሉ፣ በማግስቱ ይመለሳል። በመጨረሻ ማሽኖቹን ሁሉ አራግፈው ሊኑክስ የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑባቸው፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ያ ሁሉ ቫይረስም አልደፈረውም። ተማሪው በአንድ ወር ለመደው። ያልለመዱት ዲኑ ናቸው፤ ከሌላ ክፍለ አገር ተዛውረው የመጡ፣ ችኩል፣ ሥራ ወዳድ ሰው። «አገር ሙሉ የሚጠቀምበትን ትቶ ይኼ ምንድን ነው?» ይሉ ነበር። ለሁለተኛው መንፈቅ ሃያ ያገለገሉ ላፕቶፖች በእርዳታ እንደሚመጡልን ሲሰማ ነገሩ ጠነከረ። ዲኑ ጋሽ ልየውን ጠርተው፣ በእኔ ፊት፣ «በእነዚህ ላይ የተማሪ ሥራ ከተበላሸ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ሌላ ባለሙያ እናስቀምጣለን» አሏቸው።

«እሽ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ልየው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሊመጡ የታሰቡትን ላፕቶፖች ክፍሉ ውስጥ ያለው የሊኑክስ ስሪት አያውቃቸውም፤ ስክሪኑ ይንሸዋረራል። አዲሱ ስሪት ያውቃቸዋል ተብሏል፤ ግን ገና አልወጣም፣ ዴስክቶፑም ከመሠረቱ ተለውጧል። ያለው ለሞካሪዎች የተለቀቀ ያላለቀ ቅጂ ነው። ጋሽ ልየው ደግሞ ከሚመጡት ጋር አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ነበረቻቸው። የቡሬውን ሱቅ ሲዘጉ የገዟት፣ የልጆቻቸው ፎቶና የሃያ ዓመት የሬዲዮ ጥገና ንድፋቸው ሁሉ ያለባት ናት። ያላለቀውን እሷ ላይ ልጫን አሉ።

«እስኪወጣ ለምን አይጠብቁም? ንብረትዎን ሊያጠፋብዎት ይችላል» አልኋቸው።

«መምህር፣ ጠላ ቀድተው ለሰው ሲሰጡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«በመዳፌ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ።»

«ታዲያ ሃያ ልጅ የሚጠጣውን ሳልቀምስ ልስጥ?»

የፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ያን የሚያህል ነገር በሳምንትም ስቦ አይጨርስም። ባሕር ዳር የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው በሲዲ ገልብጦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠላቸው፤ መናኸሪያ ሄደን ተቀበልነው። ሲጭኑት አጠገባቸው ነበርሁ። ከታች የነበረው ዝርዝር የለም። የሚጫን ነገር አይታይም፤ ባዶ ስክሪንና ከላይ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ። ማውሱ ሳይታሰብ ግራ ጥግ ሲነካ የተከፈተው ሁሉ አንሶ አንሶ ጎን ለጎን ይዘረጋል። ጋሽ ልየው ሁለት ቀን እየነካኩ አዩዋት። በሦስተኛው ቀን፣ «ቤቷስ ሰፊ ናት፤ በሯን ደበቀችው እንጅ» አሉ። ይህ ለእሳቸው ከባድ ወቀሳ ነው።

እውነተኛው ጥፋት የተገኘው በመብራት ነው። ላፕቶፗ ባትሪ ስላላት መብራት ሲሄድ አትጠፋም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ስታክ ታደርጋለች፤ ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ፊደል አይጻፍ። በግድ ካላጠፏት አትነሣም፤ ስትነሣም ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ የለም። ጋሽ ልየው «መብራት ሲሄድ ትደነግጣለች» ይሉ ነበር። ለምን ሁልጊዜ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው መጻፍ ጀመሩ። «ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ሄደ። ወዲያው መጣ። ወዲያው ሄደ። ደነገጠች።» «ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሄደ። ቀረ። አልደነገጠችም።» እንዲህ እንዲህ እያለ ደብተሩ ወደ ግማሽ ሲደርስ ምሥጢሩ ወጣ፤ የሚያስደነግጣት የመብራት መሄድ ሳይሆን ሄድ መጣ ሄድ ማለቱ ነው። የሠሪዎቹ አገር መብራት እንዲህ አይጫወትም። ስለዚህ አላዩትም።

ሞካሪ ያገኘውን ጥፋት ለሠሪዎቹ መጻፍ አለበት፤ የመሞከሩ ትርጉም እሱ ነው። ጋሽ ልየው እንግሊዝኛ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንላቸውም፣ የኢሜይል አድራሻም የላቸውም። እሳቸው በአማርኛ ነገሩኝ፣ እኔ ተርጉሜ በራሴ አድራሻና በራሴ ስም ላክሁት። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ሰላምታ ነበረው፤ የሠሪዎቹን ጤና፣ የቤተሰባቸውን ጤና ይጠይቃል። ከዚያ ምስጋና። ከዚያ በስተመጨረሻ፣ «ምናልባት የእኛ መብራት ጥፋት ይሆናል፤ መሄድ መምጣት ሲያበዛ ዕቃችሁ ትንሽ ትደነግጥብናለች» ይላል። ቃል በቃል ተረጎምሁት። ጥሩ እንግሊዝኛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ስለ መልካም ቃላችሁ እናመሰግናለን፤ ችግሩ የመብራታችሁ መሆኑን ስለገለጻችሁ ጉዳዩን ዘግተነዋል፣ ይላል።

ጋሽ ልየው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «መልሳቸው ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው።»

«እኔ እኮ ጥፋቱን ወደ እኛ አመጣሁት። እነሱ ደግሞ ኧረ የለም፣ የኛ ነው ብለው መሳብ ነበረባቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳብ አላደረጉትም!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ጋሽ ልየው፣ ፈረንጅ እኮ ያሉትን ነው የሚያምነው» አልኋቸው።

«ያልሁትን ብቻ?»

«ያሉትን ብቻ።»

«አስቸጋሪ ኑሮ ነው» አሉ።

በግልጽ እንጻፍ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ሰው ደክሞ በሠራው ላይ፣ ያውም በነፃ በሰጠው ላይ፣ ጥፋትህ ነው ብዬ አልጽፍም አሉ። አንድ ሳምንት ሄደ። ላፕቶፖቹ በካርቶን ሆነው አስናቁ መጋዘን ገቡ። ሠሪዎቹ እርማት የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ለሚቀጥለው ስሪት ይተላለፋል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ልየው በዚያችው ላፕቶፕ የተማሪዎችን ፈተና እየጻፉ፣ ዲኑም ከኋላቸው ቆመው ሳለ መብራት ሄድ መጣ ሄድ አለ። ስክሪኑ ደረቀ። ሴቭ ማድረግ የረሱት የሦስት ሰዓት ሥራ ጠፋ።

«ለሃያ ልጅ ሊያድሉ ያሰቡት ይኼንን ነው?» አሉ ዲኑ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ልየው። ከዚያም ቆመው ጠበቁ።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሰኞ ቁልፉን ለአስናቁ ያስረክቡ።» ዲኑም እንደ ፈረንጆቹ የተባሉትን አመኑ።

በማግስቱ ጋሽ ልየው እኔ ወደምቀመጥበት የመምህራን ክፍል መጡ። ደብተሩን ይዘዋል። «ይጻፉ መምህር። ሰላምታ አያስገቡ» አሉኝ። ወረቀት አወጣሁ። ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ ይመልሳሉ።

«ጥፋቱ የእናንተ ነው» አሉ። ጻፍሁት። ቀጥሎ ያለውን እስኪናገሩ ብጠብቅ ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«አስቀየምኋቸው?»

«ገና አልላክሁትም ጋሽ ልየው።»

እነዚያ ሰዎች መብራታቸው አይሄድም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በዓይናቸው የሚያዩበት መንገድ ሊነገራቸው ይገባል። ጋሽ ልየው ለዚህም መላ አበጅተው ነበር። ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድን፤ ቻርጀሩን ይዘው ሶኬቱ ፊት ተንበረከኩ። «አቡነ ዘበሰማያት» አሉና ነቀሉት። «ይትቀደስ ስምከ» አሉና ሰኩት። «ትምጻእ መንግሥትከ» አሉና ነቀሉት። ስክሪኑ ደረቀ። አሥር ጊዜ ደገሙት፣ አሥሩንም ጊዜ ደረቀ። እኔ በሰዓቴ ለካሁ፤ ከመጀመሪያው ነቀላ እስከ ሁለተኛው፣ ጸሎቱ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ አምስት ሰከንድ ነው። አምስት ሰከንድ ብዬ ጻፍሁ። ጋሽ ልየው ሲነሡ ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ «ይቅር ይበለኝ፣ ለሶኬት አደረግሁት» አሉ። በባጃጅ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄደን፣ ከደብተሩ የተገለበጠውን ዝርዝር ጨምረን ላክነው።

ዓርብ ጠዋት መልሱ መጥቶ ነበር። እንደ ነገራችሁን በአምስት ሰከንድ ሞከርነው፣ እኛም ጋ ደረቀ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ከመውጣቱ በፊት ይታረማል፣ ይላል። ሮጬ ሄጄ አነበብሁላቸው።

«ይቅርታ አሉ?»

«አሉ።»

ፊታቸው ልውጥ አለ። «ኧረ የለም ይበሉልኝ መምህር። የመብራቱም ጥፋት አለበት፣ ኧረ የለም ይበሉልኝ!»

እሽ እጽፋለሁ አልሁ። አልጻፍሁም። በማግስቱ ሲጠይቁኝ ግን ጽፌአለሁ አልኋቸው።

ዲኑም ቃላቸውን ጠበቁ፤ የመጣውን መልስ ራሳቸው አንብበው ቁልፉ ባለበት ይቆይ አሉ። አዲሱ ስሪት ሲወጣ በሃያዎቹም ላይ ተጫነ። በመጀመሪያው ቀን መብራት ሄድ መጣ ሄድ ሲል ተማሪው ሁሉ በልማድ «ውይ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ስክሪኑን አየ፤ አልደረቀም፤ መጻፉን ቀጠለ። ጋሽ ልየው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲያ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራቸውን ትተው እዚያ በር ላይ ይቆማሉ፤ የሚጮህ አለመኖሩን ሰምተው ይመለሳሉ። ከሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ እውነተኛ ደስታ ያየሁበት ፊት የትኛው ነው ብባል እሱን ነው የምጠራው።

ወር ያህል ቆይቶ ከአዲሱ ስሪት ጋር የወጣ የምስጋና ገጽ አገኘሁ። ብዙ ስም አለበት። ከመካከሉ፣ የመብራቱን ጥፋት በትዕግሥት ፈልጎ ላገኘው ለእንትና ይላል፤ እንትና እኔ ነኝ። አትሜ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በካቻቪቴው ጫፍ መስመር በመስመር ወረዱና ስሜ ላይ ቆሙ።

«የእርስዎ ስም ነው» አሉ።

«በእኔ አድራሻ ስለ ተላከ ነው። ጽፌ አስተካክላለሁ።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ምን ያድርጉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አድራሻ የለኝ፣ እንግሊዝኛ የለኝ። ይተዉት ግዴለም» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው አዩኝ። ብዙም አይደለም፣ ቻርጀር ነቅሎ መልሶ ለመሰካት የሚበቃ ጊዜ ያህል።

«እሽ» አልኋቸው።

ካቻቪቴያቸውን ኪሳቸው ሰኩና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ያችን መስመር የሥራ ማመልከቻዬ ላይ ጻፍኋት። ባሕር ዳር ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የጠየቁኝ ስለሷ ነበር፤ ደብተር ይዤ የመብራቱን ሰዓት እንዴት እንደ መዘገብሁ ነገርኋቸው። አምስት ሰከንዱንም ነገርኋቸው። ጸሎቱን አልነገርኋቸውም። ከእንግሊዝኛ አስተማሪነት ወደ ኮምፒውተር ሥራ የገባሁት በዚያ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ይኸው ገለጻ። ከፍኖተ ሰላም ስለቅ ጋሽ ልየው ሻንጣዬን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኛል። ስለ ነገሩ አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አስናቁ እንደምትለኝ ለአዲስ ተማሪ ላፕቶፖቹን ሲያሳዩ፣ ይኸን ያስታረሙልን አንድ መምህር ነበሩ ይሉ ነበር።

ፈረንጆቹ ላይ ስቄባቸዋለሁ። ዲኑንም ታዝቤአቸዋለሁ። እነሱ ሥርዓቱን አያውቁትም። እኔ ግን ደምበጫ ተወልጄ፣ ወንበር ላይ የተደናቀፈ ሰው ምን እንደሚባል እየሰማሁ አድጌ፣ ቀና ብለው ሲያዩኝ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እንዳላወቀ መሆኑ ተስማማኝ።

አስናቁ በደወለች በሳምንቱ ያንን የድሮ የምስጋና ገጽ ፈልጌ ከፈትሁት። ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው አስተያየት አይቀበልም። ስለዚህ ለአሁኖቹ ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፍሁ። መጀመሪያ ስጽፈው ግማሽ ገጽ ሰላምታ ሆነ፤ ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ አመሰገንሁ፣ ምናልባት በወቅቱ የተፈጠረ አንድ መደናገር ይኖር ይሆናል አልሁ። አጠፋሁትና እንደገና ጀመርሁ። ይህንን ጥፋት ያገኘው የፍኖተ ሰላሙ ልየው ነው፤ ስሜ በእሱ ቦታ የገባው ዝም ስላልሁ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ላክሁት። በሁለተኛው ቀን አጭር መልስ መጣ፤ ስለ ማስታወሻህ እናመሰግናለን፣ ስሙን ለውጠነዋል፣ ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው ያልሁትን እንዳለ ተቀብለውታል። ኧረ የለም ብለው ወደ ራሳቸው ሊስቡልኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ተቀብረዋል።